ስም የማይጻፍበት ፖስታ

ሰኞ 2

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። ሽፋኑን የለበጠችልኝ ጥረዛ ክፍል ያለችው እታለም ናት። በዕድሜ ብበልጣትም ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ከኋላው ሽፋን ከውስጥ በኩል የጨርቅ ኪስ ሰፍታለታለች። «ለፎቶ ይሆንሃል» አለችኝ። የማስቀምጠው ፎቶ የለኝም።

የዛሬውን ስብሰባ ልጻፍ፣ ኋላ «እንዲህ አላልኩም» የሚል እንዳይመጣ። ባለቤቱ ማተሚያ ቤቱን ለእኛ ትቶ ከሄደ ሦስት ወሩ ነው። ዘጠኝ ነን። አለቃ የለም፣ ደመወዝ እኩል ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ፎርማን ነበርኩ። አሁን መቁረጫ ማሽኑ ላይ ቆሜ ወረቀት እቆርጣለሁ፣ እቃ የሚያደርሰው ሰውዬ የሚያገኘውን አገኛለሁ። ለእኩልነቱ እጄን አውጥቻለሁ። ማን አስገደደኝ? ማንም። ሁሉም ሲያወጣ አወጣሁ። ስሜም «የቀድሞው» ሆኗል። ቀልድ ነው ይላሉ።

ዋናው ነገር የጋሼ ዐይን ነው። ጋሼ አራሚያችን ናቸው፣ ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። አንዱ ዐይናቸው ውስጡ ግፊት በዝቶበት አምና ጠፍቷል። ሁለተኛው ካልታከመ ይከተላል ተብሏል። ሕክምናውን የሚያውቀው ሐኪም ወደዚህ የሚመጣው በዓመት ሁለቴ ነው። ተራቸው የዛሬ ዘጠኝ ሳምንት ሰኞ ነው፣ ክፍያው ሠላሳ ስድስት ሺ፣ ሙሉውን በቅድሚያ። ከጋሼ በቀር ስምንት ሰው፣ ዘጠኝ ቅዳሜ፣ አምስት አምስት መቶ ብናወጣ ልክ ይመጣል።

«ቀላል ነው» አለ ጸሐፊው፣ ሒሳብ ያዣችን። «ከደመወዝ ላይ እቆርጣለሁ፣ አለቀ።»

አያሻም ከወንበሩ ተነሳ። አያሻም የማተሚያ ማሽኑ ሠራተኛ ነው፤ አለቃ አያሻም፣ መንግሥት አያሻም፣ ፊርማ አያሻም ሲል ነው ስሙ የወጣለት። «ሳትጠይቀኝ ከኪሴ የምታወጣ ከሆነ ግብር ሰብሳቢ ነህ» አለው። «አለቃ የሸኘነው ግብር ሰብሳቢ ልንሾም ነው?»

«ግብር ባይኖር መንገዱን ማን ይሠራው ነበር?»

«መንገድ የሚሠራው ድንጋይ ፈላጭ ነው። ግብር ሰብሳቢ ድንጋይ ሲፈልጥ አይቼ አላውቅም።»

«ለድንጋይ ፈላጩስ ምሳውን ማን ሰጠው?» አለች እታለም፣ ከምታጥፈው ወረቀት ቀና ሳትል።

ሳቅን። የሚያስቀው ግን ሌላ ነው። በዚህ ወቅት እጃችን ላይ ያለው ሥራ የነጋዴዎች የግብር ደረሰኝ ነው፣ አራት ሺ ጥራዝ። አያሻም በአፉ መንግሥትን ሲያፈርስ ይውላል፣ በእጁ ደረሰኙን ያትምለታል።

በድምፅ ያለፈው የአያሻም ሐሳብ ነው። ሣጥን ይቀመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም አንድ ዓይነት ፖስታ ወስዶ ወረቀት መጋዘን ይገባል፣ የሚችለውን ከትቶ ያሽጋል፣ መጥቶ በሰው ፊት ሣጥኑ ውስጥ ይጥላል። ስም አይጻፍም። የጎደለበት ቢኖር ማንም አይጠይቀውም። ፖስታዎቹን እታለም በጠረጴዛዋ ላይ ለብቻዋ ከፍታ ገንዘቡን ለጸሐፊው ታስረክባለች። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ድምሩ ብቻ ነው።

ክርክሩ ሲያልቅ ጋሼ «ግብር ሌላ ሰው ኪስህ ገብቶ ሲያወጣ ነው፣ መዋጮ ራስህ ገብተህ ስታወጣ። ኪሱ ያው ነው» አሉ። ቀጥለውም «አስቸገርኳችሁ» አሉ።

ለፖስታው የሚሆነውን ወረቀት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የማሽኑ ቢላዋ አንድ ቦታ ላይ ተሸርፏል፣ በቆረጠው ጠርዝ ሁሉ ላይ ፀጉር የምታክል ጭረት ይተዋል። የሚስለውን ሰው ጥሩልኝ ብያለሁ። ፎርማን ብሆን ራሴ እጠራው ነበር።

ቅዳሜ 7

የመጀመሪያው ሣጥን። ጠዋት ቢላዋውን ለመሞከር ሃያ ቅጠል ቁርጥራጭ በብር ኖት ልክ ቆርጬ ነበር። ከጭረቷ በቀር አንዱ ካንዱ አይለይም። እጄ አሁንም አልሳተም።

ፖስታዬን ጣልኩ። ደልደል ያለ ነበር።

ድምሩ ሦስት ሺ አምስት መቶ። አንድ ሰው ጎድሏል ማለት ነው። እቃ የሚያደርሰው ሰውዬ አዲስ ጫማ አድርጓል። ምንም አላልኩም፣ ጫማውን አየሁ እንጂ።

ማክሰኞ 10

ባለቤቴ፣ «ደመወዝህ ሲቀንስ ጠባይህ ጨመረ» አለችኝ። ልጃችን ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፣ የሒሳብ አስጠኚዋ ክፍያ ጨምሯል። ለጋሼ ዐይን በየሳምንቱ አምስት መቶ እንደማወጣ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ደግ አደረግክ፣ ሙያ ያስተማሩህ አባትህ ማለት ናቸው» አለች። ምሽቱን ለጎረቤት ስታወራ በግድግዳው ሰማኋት። «የኔ ባል እኮ» ትላለች።

እስቲ በሐቅ እንነጋገር። ከፎርማንነቴ የቀረብኝ በወር ሲሰላ ሁሉም ተሰብስበው ከሚያዋጡት አያንስም። እኔ ግብሬን አስቀድሜ ከፍያለሁ። ማን ደመረልኝ? ማን ግድግዳ ላይ ለጠፈልኝ?

ቅዳሜ 14

ፖስታ ጣልኩ። አሁንም ሦስት ሺ አምስት መቶ።

ጸሐፊው ድምሩን ሲለጥፍ ማንም ማንንም አላየም። አያሻም «የጎደለበት ጎድሎበት ይሆናል፣ ስምምነታችን ይሄው ነው» አለ። እኔ ተነስቼ «ስም ይጻፍ» አልኩ። «የሚያወጣ ሰው ስሙ ቢጻፍ ምን ይፈራል?» ጸሐፊው ደገፈኝ። አያሻም ግን «ስም ከተጻፈ ዝርዝር ይመጣል፣ ዝርዝር ከመጣ ተቆጣጣሪ፣ ተቆጣጣሪ ከመጣ እስር ቤት። የጋሼን ዐይን አድናለሁ ብለህ እስር ቤት ትሠራለህ?» አለና ሌሎቹ ሳቁ። ሐሳቤ ወደቀ። እንደሚወድቅ አውቅ ነበር።

እታለም አልሳቀችም።

ሐሙስ 19

የምሳ ሰዓት ክርክር፣ በወረቀት ጥቅል ላይ ተቀምጠን። እቃ የሚያደርሰው አምስት ልጅ አለው፣ አያሻም ላጤ ነው፤ ሁለቱም እኩል ይከፈላቸዋል። ይሄ እኩልነት ነው ወይ? ጸሐፊው «እኩል ሥራ እኩል ክፍያ» አለ። አያሻም «ለሰው እንደ ሥራው ሳይሆን እንደ ጉድለቱ» አለ። «ታዲያ ካንተ ላይ ቀንሰን ለእሱ እንጨምር?» ቢሉት ትንሽ አሰበና «ራሴ ከሰጠሁ አዎ፣ ከቀነሳችሁብኝ አይሆንም» አለ።

እታለም «እኩል ማለት እኩል መቁረስ ነው እኩል መጥገብ?» ብላ ጠየቀች።

«የድሮው ብልሃት ይሻላል» አሉ ጋሼ፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው እያረሙ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።» ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ወደ እኔ ዞረው ነበር ሲናገሩ። ከዚያ ርቀት ግን ሰው አይለዩም።

ቅዳሜ 21

አራት ሺ!

ሁሉም ደስ አለው፣ አያሻም ጸሐፊውን አቅፎ «አየህ፣ ያለ ዱላ ይሆናል» አለው። እኔ ወረቀቱን ሁለቴ አነበብኩት። ስምንት ሰው ሙሉ ከከፈለ ነው አራት ሺ የሚመጣው። ከየት መጣ? እኔ ያው እንደ ሁልጊዜዬ ነኝ። ከኛ መካከል ገንዘብ የተረፈው ቂል አለ ማለት ነው። ይሁን፣ ለጋሼ ነው።

ስንወጣ እታለም በሩ ላይ ጠብቃ «መቁረጫው እጅህን አላመመህም?» አለችኝ። አላመመኝም አልኳት። ለምን እንደጠየቀችኝ አልገባኝም።

ቅዳሜ 28

አራት ሺ። ፖስታ ጥያለሁ። ሥራ በዝቷል፣ ደረሰኙ ገና ግማሹ ነው። ቢላዋውን የሚስል አልመጣም።

ማክሰኞ 1

ወሩ በክፉ ገባ። ስድስት መቶ ጥራዝ ደረሰኝ በተሳሳተ ተከታታይ ቁጥር ታትሞ ተገኘ። ማረሚያው ላይ የፈረሙት ጋሼ ናቸው። ስምንቱን ሦስት ብለው አሳልፈውታል። ማንም አልተናገራቸውም፣ ይሄ ባሰባቸው። አጉሊ መነጽራቸውን በመሀረብ ሲወለውሉ፣ ሲወለውሉ ዋሉ። «አራሚ ዐይኑ ሲሄድ ምን ይባላል?» አሉኝ። «ጡረታ» አልኳቸው። ለማሳቅ ነበር።

ቅዳሜ ላይ እንግዲህ አስብበታለሁ።

ቅዳሜ 5

ሦስት ሺ አምስት መቶ። ተመልሶ ጎደለ።

እታለም ምሳ አልበላችም። እናቷን ሌሊቱን ሙሉ ሐኪም ቤት አስታማ እንደነበር ከሌሎቹ ሰማሁ። ፖስታዎቹን ከፍታ ስታበቃ ገንዘቡን ለጸሐፊው ሰጥታው ቀና ሳትል ወደ ሙጫዋ ተመለሰች።

እጅ ስንታጠብ አንዱ «አንዴ ይሞላል፣ አንዴ ይጎድላል፣ ይገርማል እኮ» አለ። እኔ «ፖስታውን የሚከፍተው ማን ነው?» አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት። ጥያቄ ነው የጠየቅኩት። መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስለዚህ ምንም አዲስ ነገር አልተናገርኩም።

ረቡዕ 9

ነገሩ እግር አወጣ። ጠዋት ጸሐፊው ወደ መቁረጫው መጥቶ በሹክሹክታ «አንተ ያልከውን አሰብኩበት» አለኝ። እኔ ምንም አላልኩም አልኩት። «እሺ፣ አላልክም። ብቻዋን ነው የምትከፍተው፣ እናቷ ታማለች። ክፉ ሰው ናት አላልኩም፣ ሰው ሲቸግረው ነው» አለ።

ምሳ ላይ አያሻም እንደ እብድ ጮኸ። «ስም የለም፣ ጠያቂ የለም ብለን ተማምለን ሌባ ፍለጋ ከወጣን እኛው ፖሊስ ሆነናል! ማን ነው ይሄን ያመጣው?» እኔ በወረቀት ጠርዝ ላይ የቢላዋውን ጭረት በጥፍሬ ስፈልግ ነበር። የሁሉም ዐይን ሙጫ ወደምታፈላው ሴት ሄዶ ተመለሰ። የሰማች አትመስልም ነበር። መቼስ ጆሮ አላት።

ቅዳሜ 12

አራት ሺ። «ወሬው ሲደርሳት ሞላ» አሉ። እንዲህ ነው ሰው፤ ቢጎድልም እሷ፣ ቢሞላም እሷ።

ጸሐፊው ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ፖስታዎቹ ጠረጴዛ መሀል ተደባልቀው በሁሉም ፊት እንዲከፈቱ ሐሳብ አቀረበ። እጅ ወጣ። እኔ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ነበርኩ፣ የመጀመሪያው አይደለሁም። አያሻምና ጋሼ አላወጡም።

እታለም ወረቀት የምታጥፍበትን የአጥንት ማጠፊያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ስም አይጻፍም ብለን ነበር» አለች። «እኔ አልጽፍም።» ምን ለማለት እንደሆነ ለማንም አልገባውም። ጸሐፊው «ማን ጻፊ አለሽ?» አላት። እሷ ግን ወደ እኔ አላየችም፤ ሁሉንም በየተራ ስታይ እኔ ጋ ስትደርስ ዘለለችኝ።

ሰኞ 14

አልመጣችም። መርፌዎቿንና ክሯን ቅዳሜ ማታውኑ ይዛ ወጥታለች። ማጠፊያውን ትታዋለች።

እኔ ሂጂ አላልኳት። ማንም ሂጂ አላላትም።

የጠረጴዛዋን መሳቢያ ጸሐፊው ከፈተው። ባዶ ነው። የተከፈቱትን ፖስታዎችና የማይረባውን ወረቀት የምትጥልበትን ካርቶንም አየሁ፣ ባዶ ነው። ጠርጋ ይሆናል።

ቅዳሜ 19

በሰው ፊት ተከፈተ። አምስት መቶ ከትቼ ነው የጣልኩት፣ ተቆጥሮ አየሁት። ሰባት ፖስታ፣ ሰባት ጊዜ አምስት መቶ፣ ሦስት ሺ አምስት መቶ።

ጸሐፊው ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ አስረዳን። «ዛሬ ሰባት ነን፣ ሰባታችንም ሙሉ ሰጥተናል። ስምንት ሆነን ይሄንኑ ያህል የምናገኝበት ቅዳሜ ነበር። ስለዚህ የማይሰጠው ስምንተኛው ሰው ማን ነበር?» ሒሳቡ ንጹሕ ነው። እቃ የሚያደርሰው እንኳ አንገቱን ነቀነቀ። አያሻም ሰሌዳውን አየና ሳይከራከር ማሽኑን ሊያጸዳ ሄደ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ሌላ አሠራር አለ። እነሱ ዛሬ የተጨመረውን አያውቁም። ያን ብታውቅ፣ ያኔ የጎደለውን በእሷ ላይ ሳይሆን በ... ደግሞም አራት ሺ የሞላባቸውን ቅዳሜዎች ብትወስድ፣ እሷ አንድ ሳይሆን ሁለት...

ይሄን አልጽፍም። ሒሳብ ያዣው እኔ አይደለሁም።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ትል ነበር እናቴ። ለምን ዛሬ ትዝ እንዳለኝ እንጃ።

ሐሙስ 24

ከሥራ ስመለስ መንገዴን ቀይሬ በእታለም ቤት በኩል አለፍኩ። በሩ ክፍት ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የሆነ ነገር ትሰፋለች፣ ከኋላዋ እናቷ ያስላሉ። ሳታየኝ ላልፍ ስል «ግባ እንጂ» አለች።

«ሳልፍ ነው» አልኳት።

«ሞላ?»

«ሊሞላ ነው።»

በምትሰፋው ነገር ላይ ጨርቅ ጣል አደረገችና «እኔ ከዚያ በላይ አልቻልኩም» አለች። «ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ መሀል ላይ እናቴ ታመመች።» ስለምን እንደምታወራ አልጠየቅኩም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠይቅ ነበር። እኔ «እናትሽን እግዜር ይማራቸው» ብዬ ሄድኩ። እስከ ጥግ ድረስ ጀርባዬን ታየኛለች ብዬ ቀጥ ብዬ ነው የተራመድኩት። ጥጉ ላይ ዞር ስል ጎንበስ ብላ እየሰፋች ነበር።

ቅዳሜ 26

ሦስት ሺ አምስት መቶ። የኔ አለበት።

ጋሼ ዛሬ ደረጃ ሳቱ። ጉልበታቸው ተላጠ እንጂ አልተጎዱም።

ቅዳሜ 3

የመጨረሻው ሣጥን። ጠቅላላ ሠላሳ ሦስት ሺ። የጎደለው ሦስት ሺ ነው።

የዚህን ደብተር ኪስ አልቆጠርኩም። ስንት እንዳለበት አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቅዳሜዎች ናቸው። አንዲት ሳንቲም አልነካሁትም፣ ለልጄ አስጠኚ እንኳ አልሰጠሁም። ለምን እንዳስቀመጥኩት ብጠየቅ መልስ የለኝም። የኔ ነው፣ ይኸው ነው።

ጠዋት መጋዘን ውስጥ ሆኜ ሁሉንም ፖስታው ውስጥ ከትቼው ነበር። አንድ ጊዜ አሸግኩት። ከዚያ አሰብኩ፤ ከአንዱ ፖስታ በድንገት ሦስት ሺ አምስት መቶ ቢወጣ ጸሐፊው የዛሬውን ቀንሶ ሦስት ሺውን በአንድ ትንፋሽ ለስድስት ያካፍለዋል። «ስድስት ቅዳሜ» ይላል። ከዚያ ሰባታችን ዙሪያውን እንተያያለን። ፖስታውን ቀድጄ አምስት መቶ ብቻ በሌላ ፖስታ አደረግኩ።

ሰኞ በቀጥታ ለሆስፒታሉ እከፍላለሁ። እዚያ ማንም አያውቀኝም። እንደዚያ ይሻላል።

ሰኞ 5

በጠዋት ሄድኩ፣ ደብተሩን በብብቴ ይዤ። ኮሪደሩ የመድኃኒትና የረጠበ ልብስ ሽታ አለው። ጋሼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ የሌሊት ልብሳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ሰው ያለበት ወገን መስሏቸው ይሆናል።

የገንዘብ መቀበያው መስኮት ላይ ጸሐፊው አለ። እሱ እንደሚቀድመኝ አላሰብኩም ነበር። ይለምናል፤ ደመወዙን ሊያስይዝ፣ ማተሚያ ቤቱን ሊያስይዝ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሳትቆጣ ያንኑ መልስ ትደግምለታለች። «ሙሉ ካልሆነ ደረሰኝ አልቆርጥም። ሐኪሙ ነገ ከሰዓት ይሄዳል፣ ተራውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ።»

ጸሐፊው ዞር ሲል ምሰሶው አጠገብ አየኝ። ፊቱ በላብ ረጥቧል። «ሦስት ሺ ይዘህ መጣህ እንዳትለኝ» አለ፣ እንደ ቀልድ፣ ግን ዐይኑ አልቀለደም። አራት እርምጃ ነው የሚለየን። ብብቴ ሥር የደብተሩ ኪስ እብጠት ይሰማኛል።

«ከየት አምጥቼ?» አልኩ።

ጋሼ ድምፄን ለይተው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ሥራህን ጥለህ መጣህ?» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ረቡዕ 7

አያሻም ብስክሌቱን ሸጧል፣ የቀረውን ከማን ከማን እንደተበደረ እንጃ። ትናንት ሦስት ሺውን በእጁ ጨብጦ ሮጦ ሲደርስ ሐኪሙ ከሄደ አንድ ሰዓት አልፎታል። ቀጣዩ ጉብኝት ከስድስት ወር በኋላ ነው። የሆስፒታሉ ነርስ «ዐይኑ ስድስት ወር አይጠብቅም» ብላዋለች።

እኔም ትናንት ጠዋት ልሄድ ነበር። ዝናብ ነበር።

አያሻም ዛሬ ጫማው በጭቃ ተለውሶ ማሽኑ ላይ ተደግፎ ቆመ። ማሽኑን አላስነሳውም። «ጸሐፊው ልክ ነበር» አለ። «ሰው ያለ ዱላ አይሆንም። ሞኝ ነበርኩ።» ከሁሉም ይልቅ ይሄ አንጀቴን በላው። ሲከራከረኝ አልወደውም ነበር፣ ግን ከዚህ የድሮው ይሻላል።

ቅዳሜ 10

ሣጥኑ ተነሳ። መዋጮ በደመወዝ ቅነሳ ይሆናል፣ በስም ዝርዝር፣ በፊርማ። አለቃም ያስፈልጋል ተባለ። የመረጡት እኔን ነው። ሐሳቡን ያቀረበው አያሻም ነው። «የቀድሞው ቢያንስ ከመጀመሪያው ስም ይጻፍ ብሎ ነበር፣ ቀና ሰው ነው» አለ። እጅ ሁሉ ወጣ። ደመወዜ ወደ ድሮው ይመለሳል።

ቤት ስነግራት ባለቤቴ እጄን ሳመችኝ። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ልጄ «አባዬ፣ ለምን አትስቅም?» አለች። ደክሞኛል አልኳት።

ረቡዕ 21

የጋሼ ዐይን እንደጠፋ ሰማሁ። ቀኑን በትክክል አያውቁትም አሉ። አንድ ጠዋት መብራት የጠፋ መስሏቸው ጎረቤት ጠርተው ነው።

እሁድ 25

ዛሬ ሄድኩ፣ ከዚህ በላይ ማዘግየት ስላልቻልኩ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ጸጉራቸው ተበጥሮ፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ አንድ ቦታ ተዛንፎ። ላስተካክልላቸው ፈለግኩ፣ አልደፈርኩም።

«አለቃ ሆንክ አሉ» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እታለም ትናንት መጥታ ነበር። ምግብ ሠርታልኝ ሄደች። ላንተም ዕቃ አስቀምጣለች፣ ትራሱ ሥር አለልህ።»

ትንሽ ደብተር ናት። በኖት ልክ። በዚህኛው ደብተር ኪስ ጨርቅ ለብጣታለች፣ ስፌቷ እንደ ሁልጊዜው አንድ ነጥብ አልሳተም። ያን ቀን ደጃፏ ላይ የምትሰፋው ይሄን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ከፈትኩት። ሁሉም ቅጠል ነጭ ነው።

ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰጠኋቸው። አውራ ጣታቸውን በቅጠሎቹ ጠርዝ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርገው አስኬዱ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ተመልሰው እዚያው ቦታ ቆሙ።

«ቢላዋው እስካሁን አልተሳለም?» አሉ።

«አልተሳለም።»

«ስንት ቅጠል ነው?»

«መቶ ሃያ» አልኩ።

አልቆጠርኩትም ነበር። እሳቸውም እንዳልቆጠርኩ ሰምተዋል፣ በክፍሉ ውስጥ የገጽ ድምፅ አልነበረም። ውጭ የጎረቤት ሬዲዮ ያወራል። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢሰድቡኝ እወድ ነበር።

«ምን ተጽፎበታል?»

«ባዶ ነው ጋሼ።»

«እንግዲህ ጻፍበት» ብለው መለሱልኝ። «ጻፍና አምጥተህ አንብብልኝ። የማርመው ነገር ካጣሁ ቆየሁ።»

አሁን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ፣ ማተሚያ ቤቱ ባዶ ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ሁለቱም ደብተሮች ከፊቴ ናቸው። በትንሿ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ቅዳሜ 7፣ ከሃያ ነጭ ቅጠል በቀር ምንም አላስገባሁም» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው «ቅዳሜ 14፣ ምንም አላስገባሁም፣ ስም ይጻፍ ብዬ ጮህኩ።» በሦስተኛውና በአራተኛው ያው፣ እታለም በኔ ፈንታ ከፍላለች። በአምስተኛው እሷ አልቻለችም፣ እኔ «የሚከፍተው ማን ነው» አልኩ። በስድስተኛው እንደገና ከፈለችልኝ፣ እኔ እጄን አወጣሁባት። ከዚያ «ከየት አምጥቼ» ያልኩበትን ሰኞ ጻፍኩ። ሰባት ገጽ ሞላ። ሦስት ሺውን በመጨረሻው ቅጠልና በሽፋኑ መካከል አስገብቼዋለሁ።

ነገ ከሥራ በኋላ ሄጄ አነብላቸዋለሁ። ዐይን የላቸውም፣ የማነብላቸው እኔ ብቻ ነኝ። ገጽ ብዘል የሚያውቅ የለም።